ከፎልደር ውስጥ ፎልደር፦ የጠፋው ሽርጥ ፍለጋ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የልብስ ሱቅ ያላቸው አክስቴ ዕቃቸውን በበይነመረብ የሚሸጡበትን ድረ ገጽ እየተማርሁበት መጠበቅ ከጀመርሁ ወራት አልፈዋል። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ከኮምቦልቻ ደውሎ «ሽርጥ መሸጥ አቆማችሁ እንዴ?» አላቸው፤ መደርደሪያቸው ግን በሽርጥ የተሞላ ነበር። ሰውየው «የወንድ ልብስ» የሚለውን ፎልደር ከፍቶ በውስጡ ሲፈልግ «የተገኘ ዕቃ የለም» የሚል መልስ አግኝቶ ኖሯል።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ፊደሉን ነው። ሽርጡ ያለበትን ንዑስ ፎልደር አክስቴ «የባህል»፣ እኔ ደግሞ «የባሕል» እያልን ስለምንጽፍ፣ ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ለማድረግ አንድ ሌሊት አጠፋሁ። ሥራው አስፈላጊ ቢሆንም ሽርጡን አላስገኘም። ችግሩ የፍለጋው ኮድ ዕቃው በቀጥታ የተቀመጠበትን ፎልደር ብቻ መመልከቱ ነበር፤ በዳታቤዙ ውስጥ እያንዳንዱ ፎልደር የሚይዘው የወላጁን፣ ማለትም በቀጥታ ከላዩ ያለውን ፎልደር፣ መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ አያቱን ለማወቅ ወላጁን መጠየቅ ግድ ነው።

ተቻኩዬ ሁለት እርከን ወደ ታች የሚወርድ ኮድ ጨመርሁ። አክስቴ «ሽርጥ» ሥር «ባለ ጥለት» የሚል ፎልደር በከፈቱ ማግስት ዕቃው እንደገና ተሰወረ። እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ራሱን እየደጋገመ የሚወርድ መጠይቅ (ለዳታቤዙ የሚሰጥ የፍለጋ ትእዛዝ) ብጽፍ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ ይህን የሚቀበለው ከእትም 8.0 ጀምሮ ሲሆን በተከራየነው ሰርቨር ላይ ያለው 5.7 ነው። ስለዚህ በየፎልደሩ ላይ ከላይኛው ፎልደር እስከ ራሱ ያለውን ሙሉ መንገድ በመለያ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ «/7/12/31/» ብዬ መዘገብሁ፤ ፍለጋውም መንገዳቸው በ«/7/» የሚጀምሩትን ፎልደሮች በሙሉ ያመጣል። የመጨረሻዋን ሰረዝ ረስቼ «/7» ብቻ ብጽፍ ፎልደር 70 ውስጥ ያሉ የሕፃናት ጫማዎች ከወንዶች ልብስ ጋር ተደባልቀው መጡ። እንዲህ ያለው ስህተት ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ባዶ ገጽ ደንበኛን ያስደውላል፣ የተደባለቀ ውጤት ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

ሌላው እንቅፋት የገጠመኝ አክስቴ «የባህል» የሚለውን ፎልደር ወደ «የበዓል ልብስ» ባዛወሩት ጊዜ ነው። የፎልደሩ መንገድ ተቀየረ፤ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን የድሮውን ይዘው ቀሩ። አሁን ፎልደር ሲዛወር በሥሩ ያሉት ሁሉ መንገዳቸው አብሮ ይቀየራል፤ አንዱ እንኳ ሳይቀየር ቢቀር ዝውውሩ በሙሉ ይሰረዛል።

በየእርከኑ ከ«ሙከራ 1» እስከ «ሙከራ 5» የተባሉ ዕቃዎች አስቀምጬ፣ ኮዱን በነካሁ ቁጥር ከላይኛው ፎልደር አምስቱም መገኘታቸውን አረጋግጣለሁ። ከገዢ ዕይታ እነሱን መሸሸግ ዘንግቼ አንድ ሰው «ሙከራ 4»ን በ1 ብር ስላዘዘ፣ አሁን የሚታዩት በእኔ መግቢያ ለገባ ብቻ ነው።