ወጣት የምትመስል አሮጊት ኮከብ

ዛሬ ከስፔክትረም (በቀለማቱ ከተዘረዘረ የኮከብ ብርሃን) ጋር ስታገል ዋልኩ። ዓይኔ ጠፋ!

ያስቸገረችኝ ዩዩ ሄርኩሊስ የምትባል ኮከብ ናት። በስፔክትረሟ ላይ ሃይድሮጅን የሚተዋቸው ጥቁር መስመሮች ቀጫጭን ናቸው፤ ይህ ማለት ከባቢዋ ስስ ነው፣ አብጣለች፣ በጣም ደማቅም ናት። በዚህ ብቻ ብንሄድ "ሱፐርጃየንት" (እጅግ ግዙፍና ደማቅ ኮከብ) ብሎ ማለፍ ነበር። ግን አድራሻዋ አይገጥምም። ትክክለኛዎቹ ሱፐርጃየንቶች ግዙፎች ስለሆኑ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሱና ከተወለዱበት ከጋላክሲያችን ከሚልኪ ዌይ ጠፍጣፋ ዲስክ ብዙም ሳይርቁ ያልቃሉ። ይቺ ደግሞ ከዲስኩ በጣም ርቃ ነው ያለችው። በየት በኩል ደረሰች?

መልሱ ያለው የብረት መስመሮቿ ላይ ነው (እኛ ካልሲየምንም "ብረት" እንለዋለን)፤ ደካማ ናቸው። ብረት የሚመጣው ቀድመው ከሞቱ ኮከቦች ስለሆነ፣ እሷ የተወለደችው ጋላክሲያችን ገና ብዙ ብረት ሳያከማች ነው። ባጭሩ አሮጊት ናት። ክብደቷ ከፀሐይ ብዙም አይለይም፣ የውጭ ጋዟን አራግፋ ወደ ነጭ ድንክነት (ነዳጁን ጨርሶ ወደሚቀር ትንሽ የኮከብ እምብርትነት) እያመራች ነው፣ ድምቀቷም የመጨረሻ ሰዓት ድምቀት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የብረት መስመሮቹ ሲደክሙ ኮከቧ ከእውነቱ በላይ ሞቃት ትመስላለች። ስለዚህ እኔ ሙቀቱን ከሃይድሮጅን መስመሮች ነው የምወስደው፣ ከካልሲየም መስመር ብቻ የሚፈርድ ሰው ግን ይሸወዳል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቫልተር ባዴ እ.ኤ.አ. በ1944 ኮከቦችን ወጣትና አሮጌ ብሎ ለሁለት ሲከፍል እንዲህ ያሉ አስመሳዮች ስንት ራስ ምታት እንደሚሆኑብን የገመተ አይመስለኝም።