የሰኔ ጾም በአሜሪከስ

የሐዋርያት ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። አትላንታ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር ለአንድ ሳምንት በበጎ ፈቃደኝነት ቤት ለመሥራት ወደ ደቡብ ጆርጂያ ልትሄድ ስትነሣ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ብቻዎን ተቀምጠው ግድግዳ ከሚያዩ አብረውን ይውረዱ» አለችኝ። መዶሻ ከያዝሁ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ጡረተኛ መምህር በ2017 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ አሜሪከስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ለማየት የበቃሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት ዝናቡ ሲጀምር እዚያ ፀሐዩ ይበረታል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን በሁለቱም አገር በዚሁ ወቅት ነው። በአዲስ አበባ በየክረምቱ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ፣ ጣሪያ ሲቀይሩና ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ፈጠን ሲሉ ስላየሁ፣ አሜሪካኖቹ ይህንኑ ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ለማየት ጓጉቼ ነበር። የምንሄድባት ከተማም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያም ቤት ሲሠራ የቆየው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተመሠረተው በ1976 እዚያው አሜሪከስ ውስጥ ነው።

መንገዱ ሰፊና አሰልቺ ነው። ከአትላንታ በሰሜን-ደቡብ አውራ ጎዳና ወደ ታች ሲወርዱ ጥዱ አያልቅም፤ ኮርዲል ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ኮርዲል ራሷን የዓለም የሐብሐብ ዋና ከተማ ብላ የሰየመች ናት፤ ማን እንደሾማት አልጠየቅሁም። በሰኔ የሐብሐብ በዓሏን ስታከብር ሰልፍ አለ፣ ሐብሐብ በፍጥነት የመብላት ውድድር አለ፣ ፍሬውን አርቆ የመትፋት ውድድርም አለ፤ በዚህ በመጨረሻው የከበሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ወደ ኋላ ስበው እንደሚወዳደሩ ሰማሁ። እኛ የደረስነው ለበዓሉ ሳይሆን ለሐብሐቡ ነበር። መንገድ ዳር በፒክ አፕ መኪና ጭኖ ከሚሸጥ ገበሬ ሁለት ገዝተን ሄድን። ያኔ አላወቅሁትም እንጂ ከእነዚህ ሐብሐቦች አንዱ የዚያን ዕለት ምሳዬ ሊሆን ነበር።

አሜሪከስ 16 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ በቀይ ሸክላ የተሠሩ ያረጁ ሱቆች መሐሏን የያዙባት፣ ከ1892 ጀምሮ የቆመው ዊንድሰር ሆቴል ግንብ ባለው አናቱ ከሁሉም በላይ የሚታይባት የአውራጃ ከተማ ናት። ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እርጥብ ብርድ ልብስ እንደ መከናነብ ያህል ነው። ስለዚህ ሥራው በማለዳ ይጀመራል።

የሚሠራው ቤት ወለሉ ተሞልቶ ደርቆ ጠበቀን። ግድግዳውን ቆሞ መምታት የለም፤ የግድግዳው አጥንት ከጣውላ ወለሉ ላይ ተጋድሞ በምስማር ይመታል፤ ካለቀ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ሰው በአንድ ቃል ያነሣውና ያቆመዋል። ጎረምሶቹ ምስማር ሲመቱ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የተጣመመውን ምስማር መንቀል ነበር፤ ሥራ ፈትቼም አልዋልሁም። ሥራውን የሚመራው አናጺ ቀኑን ሙሉ ፈገግታው ሳይጠፋ የእኛን ስሕተት ሲያርም ዋለ። እኛ ባንኖር ኖሮ እሱና ሁለት ባልደረቦቹ በግማሽ ጊዜ ይጨርሱት እንደነበር ዓይኔ አይቷል፤ የቢሮ ሰዎች የነዳጁንና የሆቴሉን ገንዘብ ብቻ ቢልኩ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄም በልቤ ነበር። ጥያቄውን ለአናጺው በእህቴ ልጅ አስተርጓሚነት ሳቀርብለት «ገንዘቡንም እንቀበላለን» ብሎ ሳቀ።

ቤቱ የሚሠራላት ሴት የሁለት ልጆች እናት ስትሆን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ አብሳይ ናት። መጀመሪያ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ መስላኝ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ ላቧ ይንጠባጠብ ነበርና። በዚህ አሠራር ቤቱ በነፃ አይሰጥም። ባለቤቷ በራሷም ሆነ በሌሎች ሰዎች ቤት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ትሠራለች፤ ይህን እነሱ የላብ ድርሻ ይሉታል። ከዚያ በኋላ የቤቱን ዋጋ ያለ ትርፍ በየወሩ ትከፍላለች፤ የከፈለችውም ለሚቀጥለው ሰው ቤት ይውላል። ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች መነሻቸው ኦሪት ከድሃ አራጣ አትቀበል ማለቷ ነበር። ደቦ ያደገበት ሰው ይህን ሲሰማ የሚያውቀውን ያገኘ ይመስለዋል፤ በደቦ ግን ጠላውንና ንፍሮውን የሚያቀርበው ባለጉዳዩ ነው፤ እዚህ ምሳ የሚያመጡት የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን እናቶች ናቸው። የእኔም ጣጣ የጀመረው ከዚሁ ምሳ ነው።

በአንድ የጸሎት ቤት አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ምግብ ለዓይን ያስደስት ነበር። በበቆሎ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ አምባዛ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ባቄላ መሳይ ነጭ አደንጓሬ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ እናቴ ስለማትበላ እኔም አልበላም። ጎመኑን ልጨልፍ ስል የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ፤ የአሳማ ሥጋ አለበት። ፎሶሊያውስ? እሱም አለበት። አደንጓሬውም እንደዚያው። ዳቦው ወተትና እንቁላል፣ ጥሬው ጥቅል ጎመን ማዮኔዝ ነበረበት። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ቅጠላ ቅጠል ማለት ሥጋ የገባበት ቅጠል መሆኑን በዚያች ቀን ተማርሁ። ሐብሐብና የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይዤ ተቀመጥሁ። ኦቾሎኒውን ከነቅርፊቱ በጨው ውኃ ለሰዓታት ቀቅለው እንደ እኛ ባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ይበሉታል፤ የለመደው ይወደዋል፣ እኔም በሦስተኛው ጭብጥ ለመድሁት። ወጥ ቤቱን የሚመሩት የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ሳህኔን ከሩቅ ሲያዩ ነበር። አንድም ነገር አላሉም።

በማግሥቱ የቤቱ ባለቤት ወደምትሠራበት የልጆች ምሳ ሄድን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በዓመቱ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚመገቡ ልጆች ምሳ ያጣሉና የፌዴራሉ መንግሥት ከ1968 ጀምሮ የበጋ ምግብ ፕሮግራም አለው። ድህነት በበዛበት ሰፈር በሚከፈት ጣቢያ ዕድሜው እስከ 18 የሆነ ማንኛውም ልጅ ገብቶ ይበላል፤ የቤተሰብህ ገቢ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ምዝገባ፣ ፎርም፣ የቀበሌ ደብዳቤ የሚባል ነገር አላየሁም። ለትልቅ ሰው አይሰጥም፤ አንዲት አያት ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን አስቀምጠው ራሳቸው ውኃ ብቻ ሲጠጡ አየሁ። ሌላም ያየሁት ነገር አለ። በአዳራሹ ከነበሩት አርባ ያህል ልጆች ነጮቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። የከተማው ነጭ ልጅ ሁሉ ጠግቧል ማለት አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ እየቆጠርሁ መዋል ጀመርሁ፤ ይህን ያስጀመረኝ ግን ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ከሰዓት በኋላ የሄድንበት ኮይኖንያ የተባለ እርሻም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን ይህን እርሻ በ1942 የመሠረቱት ክላረንስና ፍሎረንስ ጆርዳን ከማርቲንና ማቤል ኢንግላንድ ጋር ሆነው ነው። ክላረንስ ጆርዳን በግብርና ተመርቆ ኋላም በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ኮይኖንያ የግሪክ ቃል ነው፤ በእኛ መጻሕፍት ኅብረት ወይም ሱታፌ የሚባለው ነው። 440 ኤከር መሬት ገዝተው ጥቁሩንም ነጩንም እኩል እየከፈሉ አሠሩ፤ በአንድ ገበታም አበሉ። በደቡብ ጆርጂያ ይቅር የማይባለው ኃጢአት ይህ የገበታው ጉዳይ ነበር። ከ1956 ጀምሮ የአካባቢው ነጋዴ ዘር፣ ነዳጅና ማዳበሪያ አልሸጥላችሁም አላቸው፤ ኢንሹራንሳቸው ተሰረዘ፤ መንገድ ዳር የነበረው ሱቃቸው በፈንጂ ወደመ፤ ሌሊት ሌሊት ቤታቸው ላይ ይተኮስ ነበር። እነሱም ምርታቸውን በአካባቢው የሚገዛቸው ቢያጡ ፔካን የተባለውን ለውዝ በፖስታ ለሩቅ አገር ደንበኞች መሸጥ ጀመሩ። «ለውዙን ከጆርጂያ ለማስወጣት እርዱን» የሚል ማስታወቂያም አወጡ፤ በእንግሊዝኛ ለውዝ የሚለው ቃል ዕብድ ለማለትም ስለሚያገለግል ነገሩ ስድብም ቀልድም ነበር። ፔካኑ ዛሬም ይሸጣል፤ አንድ ከረጢት ገዛሁ።

ሚላርድ ፉለር የሚባል የአላባማ ወጣት ሚሊየነር ሀብቱን ትቶ ከባለቤቱ ከሊንዳ ጋር ወደዚህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1968 ከጆርዳን ጋር ተመካክረው በዳስ ቤት ለሚኖሩ ድሆች ያለ ወለድ ቤት የመሥራቱን ዕቅድ አወጡ። ጆርዳን የመጀመሪያው ቤት ሳያልቅ በ1969 ሞተ። ፉለር ዕቅዱን ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ድረስ ወስዶ ሞክሮ ሲመለስ ሀቢታትን አቋቋመ፤ በ2005 ከድርጅቱ ሲለያይም እዚያው አሜሪከስ ሌላ ቤት ሠሪ ድርጅት ከፈተ። ጆርዳንም ፉለርም የተቀበሩት በእርሻው ውስጥ በአንድ ኮረብታ ላይ ነው። መቃብር የሚመስል ነገር ፈልጌ ዞር ዞር ብል ሣርና ዛፍ ብቻ ሆነብኝ።

ፕሌይንስ ከአሜሪከስ በመኪና ሩብ ሰዓት ብቻ ስለሆነች እሷንም አየናት። ስድስት መቶ የማይሞላ ሕዝብ ያላት የጂሚ ካርተር መንደር ናት፤ መግቢያዋ ላይ ጥርሱን አውጥቶ የሚስቅ ግዙፍ የኦቾሎኒ ሐውልት ቆሟል። ካርተር ከ1984 ጀምሮ ከባለቤታቸው ጋር ለሀቢታት መዶሻ ይዘው ቤት ሲሠሩ ኖረው በታኅሣሥ 2024 በመቶ ዓመታቸው ዐርፈው ከሮዛሊን ጎን በመኖሪያ ግቢያቸው ተቀብረዋል። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ነው። እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ደቡብ ወሎ ያደገ ሰው የዓይኗን ሽፋሽፍት በወረንጦ የምታስነቅል እናት ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ትራኮማ ነው። በአማራ ክልል መድኃኒቱን በየቀበሌው ለማዳረስና የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናውን ለማስፋፋት ከጤና ቢሮው ጋር ለዓመታት የሠራው የካርተር ማዕከል ነው። በሐውልቱ ፊት ፎቶ ተነሣሁ፤ ፈገግታው ተጋብቶብኝ መሰለኝ ጥርሴ ወጥቷል።

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ ስለከበደኝ ከሥራው ቀርቼ አዳራሹ ውስጥ ከአዛውንቷ ጋር በቆሎ ስፈለፍል ዋልሁ። የእህቴ ልጅ በመካከል ታስተረጉማለች። እሳቸው የዚህችው ከተማ ተወላጅ ጥቁር ናቸው፤ በ1963 የበጋ ወር የከተማው ጥቁር ልጃገረዶች ፊልም ቤት በጓሮ በር ሳይሆን በፊት ለፊት ቲኬት እንግዛ ብለው በተሰለፉ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከታሰሩት መካከል አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ነበሩ፤ ወላጆቻቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ ሊዝበርግ በተባለ ቦታ አልጋ በሌለበት አሮጌ እስር ቤት ከአንድ ወር በላይ ቆዩ። እሳቸው አልታሰሩም። ያን ቀን እናታቸው ቤት ውስጥ ቆልፈውባቸው ነበር፤ ይህን የነገሩኝ በቆሎውን እያዩ ነው፤ እናታቸውን ያመሰግኑ ይሁን ይቀየሙ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልሁም። «አሁን ነጮቹ ከእኛ ጋር ቤት ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ይበላሉ። እሑድ ግን እነሱም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ እኛም ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ነን» አሉኝ።

እኔም ተራዬን ተጠየቅሁ። ጾሙ እስከ መቼ ነው? እስከ ሐምሌ አምስት። ወተትም የለም? የለም። በዓመት ስንት ቀን? ለምእመን ከመቶ ሰማንያ አያንስም ስላቸው የበቆሎውን ቆረቆንዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እኛ እኮ ለፋሲካ ቸኮሌት ትተን ተኩራርተናል» አሉ።

ዓርብ የመጨረሻው ምሳ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተመትቷል፤ በርና መስኮቱን ከእኛ በኋላ የሚመጣ ቡድን ይገጥመዋል፤ ቁልፉንና መጽሐፍ ቅዱሱን ለባለቤቷ የሚያስረክቡበትን ቀን እኛ አናይም። አዳራሹ ስገባ ከጠረጴዛው ጫፍ ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ ድስት አየሁ፤ ክዳኗ ላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። የእህቴ ልጅ አነበበችልኝ፤ «ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። ለመምህሩ» ይላል። አዛውንቷ አደንጓሬ ያለ ሥጋ እንዴት እንደሚበስል ስለማያውቁ ማታ እህታቸው ዘንድ ደውለው ነበር፤ እህታቸውም አያውቁም፤ እህታቸው ደግሞ ሐኪም ሥጋ የከለከላቸው ጎረቤት ዘንድ ደውለው ጠየቁ። በሽንኩርትና በዘይት ነው የተሠራው።

ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። በጣም ጥሩ ነው አልኋቸው፤ ጨመርሁም።

«ጨው የለውም» አሉኝ፤ «ጾመኛ ሰው አይዋሽም።»