የእማዬ ነጠላ ጥለት

ዛሬ እማዬን ፎቶ ላስነሳት ፒያሳ ወሰድኳት። ዋጋውን ስሰማ «ለ1 ፎቶ?» አልኩ። ፎቶ አንሺው ልጅ አልተቆጣም። «ና እስቲ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ።

64 ጊዜ አንስቷታል። 1 መረጥን። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት አጉልቶ፣ መብራቱ ያደበዘዘውን ቀለም ክር በክር ሲመልስ አየሁ። የአንገቷን ንቅሳት ግን አልነካም። «ይሄ እኮ እሳቸው ናቸው» አለኝ።

ማንሳቱ 20 ደቂቃ ነው የፈጀው፤ ይሄኛው ከ2 ሰዓት በላይ። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ መብራቱ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። የቤት ኪራይም አለ። እኔ ደግሞ የምከፍለው ለወረቀቷ መስሎኝ! ስንቱን ባለሙያ ይሆን «ቀንስ እንጂ» እያልኩ ድካሙን ሳልቆጥርለት የቀረሁት?

እማዬ ታክሲ ውስጥ ፎቶውን እስከ ቤት እንዳቀፈችው ነበር።