ውሃ የነቀለው ፍሪሲዮን

ሰባት ክረምት ሙሉ የደጄን በረዶ የጠረጉልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ከሌሊት ሥራ ስመለስ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀኛል። አንድም ቀን ገንዘብ ተቀብለውኝ አያውቁም። ስለዚህ ባለፈው ጥር «ስኖውሞቢሌ ታመመብኝ፣ እጄም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም» ሲሉኝ «ለኔ ተዉት» አልኳቸው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ከሴንት ፖል ትንሽ ወጣ ብሎ። ስኖውሞቢል እዚህ የአገሬው ልጅ ነው። ፖላሪስ የሚባለው የስኖውሞቢል አምራች እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው ሮዞ በምትባል የካናዳ ድንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሌላው አምራች አርክቲክ ካትም የዚያው የሰሜኑ አካባቢ ልጅ ነው። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሁሉ መንገድ ይሆናል።

ላላየው ሰው፣ ስኖውሞቢል ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከሥር እንደ ታንክ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት ያለው ሞተር ነው። ማርሽ የሚቀያየርበት ካምቢዮ የለውም። ፍሪሲዮኑም የመኪና ፍሪሲዮን አይመስልም። ሁለት ትልልቅ ፑሌጃዎች በአንድ ወፍራም ቺንጊያ ተያይዘዋል። የፊተኛው ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሲፈጥን ውስጡ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ የፑሌጃውን ሁለት ጉንጮች ያቀራርባሉ። ቺንጊያው ተጨምቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማሽኑም ይፈጥናል። ስኩተር ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ሥራው አይጠፋውም።

የጎረቤቴ ማሽን አሮጌ ባለ ሁለት ምት ነው፣ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያነድ። ችግሩ ጋዝ ሲለቁት የሞተሩ ፍጥነት ቶሎ አለመውረዱ ነበር። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሞተሩ በራሱ ይጮኻል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። አየር ሲበዛ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ አብሮት የሚሄደው ዘይትም ያንሳል፣ ፒስተኑ ይግልና ይነክሳል። ስፈትሸው አየር የሚያስገባው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ኦይል ሲል (ዘንጉ ዙሪያ ያለው ማገጃ ቀለበት) ሆኖ ተገኘ። ኦይል ሲሉ ርካሽ ነው። ያለው ግን ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ነው።

ጉዱ የመጣው እዚህ ጋ ነው። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ሾጣጣ ነው። ፍሪሲዮኑም ውስጡ በዚያው ልክ ሾጣጣ ሆኖ ተቦርቡሯል። መሐል ለመሐል አንድ ረጅም ቡሎን ይጠብቅና ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ኪያቬታ (እንዳይንሸራተት መሐል የሚገባ ትንሽ ብረት) እንኳ የለውም፣ የያዘው የብረትና የብረት መተሻሸት ብቻ ነው። የመጥረቢያ እጀታ ላይ የተመታ ሽብልቅ አስቡ። ቡሎኑን ብትፈታውም ፍሪሲዮኑ አይወርድም። ዓመታት እዚያው ተቀምጦ ከሻፍቱ ጋር አንድ ሆኗል።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ መንቀያ አለ። ረጅም ቡሎን ነው፣ ፍሪሲዮኑ አፍ ላይ ባለው ጥርስ ይገባና ጫፉ ክራንክ ሻፍቱን እየገፋ ፍሪሲዮኑን ወደ ውጭ ይስባል። ለየሞዴሉ የተለያየ ነው። ለዚህ ማሽን የሚሆነውን የሸጠልኝ ሱቅ ሌላ ልኮልኝ ጥርሱ አልገጠመም። ትክክለኛው እስኪመጣ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በመስኮት ሐይቁን ያያሉ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ተሳስቻለሁ። ባለ ሦስት እግር ፑለር አምጥቼ የፍሪሲዮኑን ጠርዝ አስነከስኩት። ሁለት ዙር እንዳጠበቅኩ ጉንጩ ሲለመጥ በዓይኔ አየሁ። ወዲያው ፈታሁት። ያ ጉንጭ አልሙኒየም ነው። ከተጣመመ ቺንጊያ ይበላል፣ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ይሰነጠቃል። መዶሻም እንዳታነሱ። የእንደዚህ ዓይነቱ ሞተር ክራንክ ሻፍት ከበርካታ ቁራጭ በፕሬስ የተገጣጠመ ነው፣ በመዶሻ ከመታችሁት መሐሉ ይዛነፋል። ከዚያ በኋላ ጥገናው ሌላ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እዚህ ረፋድ አራት ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ምሽት አንድ ሰዓት። ሥራውን የተማርኩት እሳቸው ጋራዥ ነው፣ ቂርቆስ። ስኖውሞቢል በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ስልኩን አስጠግቼ አሳየኋቸው።

«የቬስፓ ቮላኖ ነዋ!» አሉ። «ሾጣጣ ላይ የተቀመጠ።»

«አዎ ጋሼ፣ ግን መንቀያ የለኝም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «የአይሱዙን የቮላኖ ኩሽኔታ በምን ነበር የምናወጣው?»

ያን ጊዜ በራልኝ። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሐል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ከኋላዋ የሚያዝ ነገር የላትም። ጋሼ ቀዳዳዋን በግሪስ ይሞሉና ልኩ የሆነ ብረት አስገብተው በመዶሻ ይመቱታል። ግሪሱ አይታመቅም፣ መሄጃም የለው፣ ኩሽኔታዋን ከኋላ ይገፋታል። እኔ ልጅ ሳለሁ ግሪሱን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ለፍሪሲዮኑም ያው ነው። በመዶሻ ፈንታ ቡሎን፣ በግሪስ ፈንታ ውሃ። ግሪስ ሾጣጣውን ያቆሽሸዋል፣ ውሃ ግን ይጠረጋል።

ሥራውን እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ቺንጊያውን አወጣሁ። የመሐሉን ቡሎን ስፈታ ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር ካንዴላዎቹን ነቀልኩ። ቡሎኑ በሚፈታበት አቅጣጫ ስናዞረው ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን መረጥኩ። የጭስ መውጫውን ካለፈ በኋላ በካንዴላው ቀዳዳ ንጹህ የናይለን ገመድ አስገባሁ፣ ጫፉን ውጭ አስቀርቼ። ፒስተኑ ገመዱን ተንተርሶ ቆመ፣ ቡሎኑም ተፈታ። ጭስ መውጫውን ሳያልፍ ካስገባችሁት ግን ገመዱ እዚያ ይቆረጣል። ይህችን አትርሱ።

ከዚያ ቡሎን ፍለጋ ወጣሁ። የመሐሉ ቡሎን ለዚህ አይሆንም፣ እሱ የሚገባው ክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው ፍሪሲዮኑ አፍ ላይ ባለው በሰፊው ጥርስ የሚገባ ነው። የዕቃ መሸጫው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል የጥርስ መለኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። በግምት አልገዛሁም። ጥርሱ ትንሽ ከተለየ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል፣ ከዚያ እውነተኛው መንቀያ ቢመጣም አይይዝም። ጠንካራ ብረት፣ ሙሉ ጥርስ፣ በእጅ እስከ ውስጥ የሚገባ። እንዲህ ያለ ካላገኛችሁ መንቀያውን ጠብቁ፣ አደራ።

ማሽኑን ማጋደል ነበረብን፣ የፍሪሲዮኑ ቀዳዳ ወደ ላይ እንዲያይ። ቤንዚኑን ቀድተን አወጣን፣ መስመሩን ዘጋን፣ ባትሪውን አነሳን። ጎረቤቴ፣ ልጃቸውና እኔ ሆነን በቀኝ ጎኑ አሮጌ ፍራሽ ላይ አስተኛነው። ጋራዡ ውስጥ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ነበር። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ አመጣሁ። ቀዳዳውን እስከ አፉ ሞላሁት፣ አረፋው እስኪወጣ ጠበቅኩ፣ ደግሜ ሞላሁት። የቡሎኑን ጥርስ በነጭ የቧንቧ ቴፕ ጠቀለልኩት፣ ውሃው በጥርሱ እንዳያመልጥ። መነጽር አደረግኩ። ፊታችሁን ከቡሎኑ ትይዩ አታድርጉ፣ ሲለቅ በጉልበት ነው የሚለቀው።

ማጥበቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ከዚያ ቁልፉ ከበደ። ግማሽ ዙር፣ ዕረፍት። ሩብ ዙር፣ ዕረፍት። በቴፑ ጠርዝ አንድ የውሃ ጠብታ ብቅ ብላ ቆመች፣ አልወረደችም። ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ሌላ ሩብ ዙር ጨመርኩ። ጧ! አለ። ጎረቤቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ፍሪሲዮኑ ከሻፍቱ ተነስቶ እጄ ላይ ተወዛወዘ። ውሃው በሾጣጣው ዙሪያ ፈሰሰ። በስልኩ ጋሼ «ወጣ? ወጣ?» ይላሉ።

የቀረው የታወቀ ነው። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ሁሉንም ጠረግን፣ በሞቀ አየር አደረቅን። ኦይል ሲሉን ቀየርኩ። ሾጣጣውን ከሁለቱም በኩል በአልኮል ወለወልኩት። ዘይትም ግሪስም አትቀቡት፣ የሚይዘው ደረቅ ሆኖ ሲነካካ ነው። ቡሎኑን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅኩ። ሞተሩን ትንሽ አስነስቼ አጥፍቼ እንደገና ፈተሽኩት።

መንቀያው በሳምንቱ መጣ። አልመለስኩትም፣ ይህን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራ ሰው ሊኖረው ይገባል። ጎረቤቴ ግን ያቺን ቡሎን አልሰጥም አሉ። ጋራዣቸው ግድግዳ ላይ፣ ነጩ ቴፕ ሳይነሳላት፣ ምስማር ላይ ሰቅለዋታል። ከሥሯ በካርቶን ላይ «ጋሼ» ብለው በራሳቸው ፊደል ጽፈዋል። ያን ቀን በስልክ ስጠራቸው ሰምተው የአጎቴ ስም መስሏቸው ነው። አላረምኳቸውም። እሁድ ማታ ፎቶውን ለጋሼ ላክሁላቸው።