ለሐይቅ ጀልባ የጎበጠ ላሜራ ያስተኛሁበት አልጋ

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተን፣ ደሴን አልፈን ሐይቅ ስንደርስ የሠራነው የብረት ጀልባ ጎን አልገጠመም። የጀልባው ግራ ጎን አፍንጫው አካባቢ ከጎድኑ፣ ማለትም ከውስጥ አጥንቱ፣ 18 ሚሊ ሜትር ርቆ ቀረ። በመዶሻም በሞርሳም ሞከርን። እምቢ አለ። ጭነን መለስነው። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ጎኖቹን ወርክሾፕ ውስጥ በይደን፣ ሐይቁ ዳር ለመግጠም ነበር ያሰብነው። እያንዳንዱ ጎን ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሁለት ላሜራ ነው፤ 1 በ2 ሜትር የሆኑት በቁመታቸው ይቀጠላሉ። ላሜራው በካሬ ሜትር 23.5 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለቱ 94 ኪሎ ይሆናሉ። ይህን ጎብጦ እንዳለ የሚሸከም አልጋ ያስፈልጋል። ትልልቅ መርከብ የሚሠሩ ሰዎች ፒን ጂግ ይሉታል። ቁመታቸው የሚስተካከል እግሮች ይደረደራሉ፤ ጫፎቻቸው አንድ ላይ የመርከቡን ጉብታ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው አልጋዬ በየሜትሩ የቆሙ 10 እግሮች ብቻ ነበሩት። ላሜራው መሃል ለመሃል ረገበ። እኔ ደግሞ ዳር ዳሩን በሞርሳ ጨምቄ አጎበጥኩት። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምሬ በአንድ ትንፋሽ በየድኩት። ሞርሳው ሲፈታ ብረቱ ተስፈንጥሮ ተመለሰ። ቅርጹን የያዘው አልጋው ሳይሆን ሞርሳው ነበር።

ሁለተኛውን በየ50 ሴንቲ ሜትር አቆምኩ፤ 27 እግር ሆነ። እግሮቹ ቱቦላሬ ናቸው። አናታቸው ላይ ዳዶ በይጄ 20 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገባሁ። ቡሎኑ በአንድ ዙር 2.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ወለላችን ወጣ ገባ ስለሆነ ቁመቱን ከወለል አልለካሁም። ሲባጎ በውሃ ልክ ወጥሬ ከሲባጎው ወደ ታች ለካሁ።

ጎኑን ጀልባው ላይ እንደሚቆመው አድርጌ ባሰላው ኖሮ አንዱ ዳር ወገቤ ድረስ ይመጣ ነበር። በጀርባው እንዲተኛ አዘንብዬ ሳሰላው ረጅሙ እግር ከጉልበቴ አልበለጠም። ብየዳውም ወደ ታች እያዩ የሚሠራ ሆነ።

ላሜራውን አስቀድመን በሮለር አጎበጥነው። አልጋው ላይ ያለ ሞርሳ አሳርፈን 27ቱንም እግር በየተራ ዳሰስን። አራቱ አልነኩም። ረዳቴ ቡሎኑን ከፍ አድርጎ ሊያስነካ ሲል፣ «ተው ወንድሜ፣ እሱ ልኩ ነው። የሚታረመው ላሜራው ነው» አልኩት። አንስተን እንደገና ሮለር ውስጥ አስገባነው።

ከዚያ በነጥብ በነጥብ ያዝነው። ብየዳውን ከመሃል ጀምረን ወደ ሁለቱም ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እየዘለልን ሄድን። ጎድኖቹንም እዚያው አልጋው ላይ እንዳለ በየድናቸው። እስኪበርድ አልነካነውም። ልኬቱን ሁሉ ያደረግነው በጠዋት ነው። 4 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የኮምቦልቻን ቀትር ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለቀኙ ጎን ቁመቶቹን በመስታወት እንደሚታይ ገለበጥኳቸው።

ሐይቅ ስንመለስ ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በብየዳ ሞላነው። የ27ቱን እግር ቁመት ኮምፔንሳቶ ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ የመጡ ሰዎችም እንደዚሁ ያለ ጀልባ ጠይቀውኛል።