የበሰበሰ ስትሪንገርና ውሃ የጠጣ ፎም፦ የቆየች የፋይበርግላስ ጀልባን ከሆዷ ማደስ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ ከ16 እስከ 19 ጫማ የሚረዝሙ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባዎች ዛሬም በሜሪላንድና በሚኒሶታ ጓሮዎች ሸራ ለብሰው ይገኛሉ። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ቀፏቸው (የፋይበርግላስ ውጫዊ አካላቸው) ሲወለወል ያበራል፤ ሞተራቸውም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ወለሉን ስትረግጡት እንደ ፍራሽ ዝቅ ከፍ ካለ ግን ሥራው ወለል በመቀየር አያልቅም። የተበላሸው ከስር ያለው ነው።

ፋይበርግላስ ራሱ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው እሱ የሸፈነው እንጨት ነው። ሞተሩ ከሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ (ትራንሰም) ተነስተው ወደ አፍንጫዋ የሚዘልቁ ሁለት ወይም አራት ረጃጅም እንጨቶች አሉ። ስትሪንገር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ቀጭኑ ቀፎ በማዕበል ሲመታ እንዳይታጠፍ ይይዙታል፣ ወለሉን ይሸከማሉ፣ ሞተሯ ውስጥ በሆነች ጀልባ ደግሞ ሞተሩም እነሱ ላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በፎም ይሞላል። የአሜሪካ የባህር ዳርቻ ጥበቃ ደንብ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰጥሙ የሚያንሳፍፍ ነገር እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ስለዚህ እርጥቡን ፎም አውጥቶ ቦታውን ባዶ መተው አማራጭ አይደለም። ያቺን ጀልባ ልጆች ይሳፈሩባታል።

ሥራውን የሚጀምር ሰው ሁሉ አስቀድሞ መልስ ሊያገኝለት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ውሃው በየት ገባ? ለምንስ አልወጣም? የጣና ታንኳ ነጂ ደንገሉ ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ ያደርቃታል። ከወለል በታች የታሸገ ፎም ግን ይህ ዕድል የለውም። ውሃው የሚገባው ለወንበር እግር ተብሎ ወለሉ ላይ በተመቱ ብሎኖች፣ ሲሠራ ጀምሮ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) ባልተቀባ የማፍሰሻ ቀዳዳ ጠርዝና በሞተር ማሰሪያ ቡሎኖች በኩል ነው። ከገባ በኋላ ወደ ኋላ የሚወስደው ቦይ የለም፤ ፎሙ እስከ ቀፎው ድረስ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶታል። እንጨት አበስባሹ ፈንገስ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል፤ እዚያ ውስጥ ሦስቱንም ያገኛል። ጨው ፈንገሱን በተወሰነ ደረጃ ስለሚገታው የባሕር ውሃ ከሐይቅና ከዝናብ ውሃ ይሻላል። በጣና ወይም በሐዋሳ ላይ የምትሠራ የፋይበርግላስ ጀልባም የዚሁ ችግር ተጋላጭ ናት። እንጨቱን ብቻ ቀይሮ ቦዩን የረሳ ሰው ያንኑ ሥራ ደግሞ ይሠራዋል።

ከመቁረጥ በፊት አረጋግጡ። በመዶሻ እጀታ ወለሉንና የኋላ ግድግዳውን መታ መታ አድርጉ፤ ጤናማው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የሞተው ደግሞ ድፍን ያለ። ከዚያ በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ የስትሪንገሩን ጎን ከታች ወደ ቀፎው ጠጋ ብላችሁ ብሱት። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ፈዛዛ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ወይም መሰርሰሪያው እንደ ቅቤ ከገባ፣ መልሱን አግኝታችኋል። ቀዳዳውን ከላይ በኩል ብቻ መብሳት ያታልላል፤ መበስበስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስር ነው። ጀልባዋን ከነተሳቢዋ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ማስመዘንም ብዙ ይናገራል። 0.3 ሜትር ኩብ ፎም ግማሹ ውሃ ከጠጣ 150 ኪሎ ግራም የሚያህል ተጨማሪ ጭነት ነው፤ ሁለት ሰው ሁልጊዜ ተሳፍሮ እንደማለት።

የኋላ ግድግዳውም ከበሰበሰ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አድርጉት። ስትሪንገሩ እሱን ይደግፋል፣ እሱም ስትሪንገሩን። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቦስተን ዌለር የሚባሉት ጀልባዎች አሠራራቸው ሌላ ነው፤ ፎሙ በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋኖች መሃል ተጣብቆ ራሱ የጀልባዋ አጥንት ነው። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ አይሆንም።

የመጀመሪያው ከባድ ስህተት የሚፈጸመው ከመጋዙ በፊት ነው። ወለሉና ስትሪንገሩ ሲወጡ ቀፎው እንደ ባዶ ከረጢት ልል ይሆናል። ተሳቢው ላይ በሁለት ጎማዎች ወይም በአጭር እንጨት ብቻ ከተቀመጠ ታችኛው ክፍል ይጎብጣል፤ እናንተ ደግሞ ያንን ጉብጠት በአዲስ ስትሪንገር ለዘላለም ታጸኑታላችሁ። ታችዋ የጎበጠ ጀልባ በፍጥነት ስትሄድ አፍንጫዋን ትደፋለች ወይም ትዘላለች። ስለዚህ ቀፎውን ቢያንስ በአራት ቦታ፣ በተለይ ከኋላ ግድግዳው ስር፣ ቅርጹን ተከትሎ በተቆረጠ እንጨት ደግፉት። በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከጎን ጠርዝ ወደ ጎን ጠርዝ ሁለት ሦስት ወፍራም እንጨት አግድማችሁ እሰሩ፤ ጎኖቹ እንዳይከፈቱ ይይዛሉ። መሃሉ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥሩና ወለሉ ሲነሳ ከሲባጎው እስከ እያንዳንዱ ስትሪንገር አናት ያለውን ርቀት በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ጻፉ። ስትሪንገሩ ከወጣ በኋላ የት እንደነበር የሚነግራችሁ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ወለሉን ስትቆርጡ የክብ መጋዙን ጥልቀት ወደ 15 ሚሊ ሜትር አውርዱት፤ ከዚያ በላይ ከገባ ሽቦ፣ የነዳጅ ቱቦ ወይም ቀፎውን ሊነካ ይችላል። ከጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ተዉና በኋላ በግራይንደር አንሱት። ደረቁ ፎም በአካፋና በእጅ መጋዝ በቁራጭ ይወጣል፤ እርጥቡ እንደ ስፖንጅ ይበጣጠሳል፣ ሲነሳም ውሃ ያንጠባጥባል። ፎሙ በጸሐይ ይደርቃል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። የውስጡ ሕዋሶች ለዓመታት በግፊትና በክረምት በረዶ ተሰባብረዋል፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ውሃውን አይለቅም።

የአዲሱን ሥራ ዕድሜ የሚወስነው መፋቁ ነው። አሮጌው ስትሪንገር የነበረበትን ቦታ፣ ግራና ቀኙን 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ በ36 ወይም በ40 ቁጥር የግራይንደር ዲስክ ፋቁት፤ ቀለምና ቅባት ጠፍቶ ንጹሕ፣ ፈዛዛ ፋይበር እስኪታይ። አዲስ ሬዚን በአሮጌ ፋይበርግላስ ላይ የሚይዘው በዋናነት ሸካራውን ገጽ ጨብጦ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ ከቀረ እዚያ ይላቀቃል። አቧራው መርፌ የሆነ የመስታወት ስብርባሪ ነው፦ ሙሉ ልብስ፣ የዓይን መከላከያና ደህና የአቧራ ጭንብል ያስፈልጋል፤ የሕክምና ጭንብል አይበቃም። ሁለቱን ስትሪንገሮች በአንድ ቀን አታውጡ። አንዱ ተተክቶ እስኪጠነክር ሌላው ቅርጹን ይጠብቅ።

ለእንጨቱ የሚሻለው ጥሩ የባሕር ኮምፔርሳቶ ነው፤ ካልተገኘ ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀና ውስጡ ክፍተት የሌለበት፣ ለቤት ውጭ ሥራ የሚሆን ኮምፔርሳቶ። ሁለት 18 ሚሊ ሜትር ደርባችሁ 36 ታገኛላችሁ። ጣውላው 2.44 ሜትር ብቻ ስለሆነ መገጣጠሚያው በሁለቱ ንብርብር ላይ አንድ ቦታ እንዳይውል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አራርቁት። በኬሚካል የታከመ እንጨት ብዙዎች ይመርጣሉ፤ እኔ አልመክረውም። ከመደብር ሲወጣ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፣ እርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ሬዚን አይዝም።

ሬዚኑ ላይ ክርክር አለ። ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ የድሮዎቹ ጀልባዎችም የተሠሩት በእሱ ነው፤ ግን እንጨት ላይ አያያዙ ደካማ ነው። ኤፖክሲ እንጨትንም አሮጌ ፋይበርግላስንም አጥብቆ ይይዛል። አቅም ካለ ለስትሪንገሩና ለኋላ ግድግዳው ኤፖክሲ ግዙ፤ ወለሉ ላይ በፖሊስተር መቆጠብ ይቻላል፣ ኤፖክሲ ባረፈበት ላይ ግን ፖሊስተር አትደርቡ። አደባለቃቸው ፈጽሞ ይለያያል። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያው እንደ አየሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን 1.5 በመቶ ማለት 15 ግራም ነው። ኤፖክሲ ላይ ግን ማድረቂያ ቢጨመር ቶሎ አይደርቅም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ አምራቹ የጻፈውን ልኬት በሚዛን ጠብቁ። የፖሊስተሩ ማድረቂያ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ከአሴቶን ጋርም በፍጹም አታገናኙት።

እንጨቱ ቀፎውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ጠንካራ ጠርዝ ቀፎው ላይ ካረፈ ማዕበል በመታ ቁጥር ኃይሉ እዚያች መስመር ላይ ይከማችና ከውጭ ይሰነጠቃል። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ፣ በትንንሽ የፎም ቁራጭ አስቀምጣችሁ፣ ክፍተቱን በሲሊካ ዱቄት በወፈረ ሬዚን ሙሉት። ውፍረቱ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ስቱኮ ይሁን። በዚያው ስቱኮ እንጨቱና ቀፎው የሚገናኙበትን ጥግ አዙሩት፤ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ጠርዝ ጥሩ መለኪያ ነው። የስትሪንገሩንም አናት ጥግ በራውተር (የእንጨት ጠርዝ በሚቀርጽ ማሽን) አክቡት። የመስታወት ጨርቅ በሹል ጥግ አይታጠፍም፤ ይነሳና ስሩ አየር ይቀራል።

ከዚያ ጨርቁ። 1708 ተብሎ የሚሸጠው በ45 ዲግሪ የተሰፋ ጨርቅ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ተራው የተከታተፈ ምንጣፍ (አጫጭር የመስታወት ክሮች በማጣበቂያ የተያያዙበት) ማጣበቂያው የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ስለሆነ ከኤፖክሲ ጋር አይሄድም፤ 1708 ግን ምንጣፉ የተሰፋ እንጂ የተጣበቀ አይደለም። 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ስትሪንገር ሁለት ጎኑና አናቱ 34 ሳንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ንብርብር ቀፎው ላይ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ሁለተኛው 15፤ ማለትም 54 እና 64። ድምሩ 118 ሲሆን ጥቅሉ 127 ስፋት ስላለው 4 ሜትር ለሚረዝም አንድ ስትሪንገር 4 ሜትር ጨርቅ ይበቃል፣ ለሁለቱ 8 ሜትር። በጥቅሉ ርዝመት ቁረጡት፤ ክሮቹ ጥጉን በሰያፍ ያልፋሉ፣ ኃይሉም የሚመጣው በዚያ ነው። ለጨርቁ ብቻ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሬዚን ይሄዳል፤ እንጨቱ ከሚጠጣውና ከስቱኮው ጋር ወደ 16 ኪሎ አዘጋጁ።

ስቱኮው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጨርቁን አልብሱት፤ ያን ጊዜ አንድ አካል ይሆናሉ። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ሬዚን ያልደረሰው ወይም አየር የያዘ ነው፤ ጥርስ ባለው የብረት ሮለር ግፉት። ኤፖክሲው ካደረ በኋላ ሌላ ንብርብር ለመጨመር ከሆነ ላዩ ላይ የሚወጣውን የሰም መሰል ቅባት በውሃ እጠቡና በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ አሁን ይሠራሉ። ስትሪንገሩን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ብሱ፣ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ክተቱና ዙሪያውን በኤፖክሲ አትሙ፤ ጥሬ እንጨት የሚታይበት አንድም ቦታ አይቅር። ቱቦው ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይሁን፣ ከቀፎው አንድ ሁለት ሚሊ ብቻ ከፍ ብሎ። ለሁለት የተሰነጠቀ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ በእያንዳንዱ ክፍል ዝቅተኛ መስመር ላይ ተደፍቶ ቢተኛና ጠርዙ በፕላስተር ቢታሸግ፣ ፎሙ ከላዩ ሲፈስ ከስሩ የውሃ መንገድ ይቀራል። ፋብሪካው ያላደረገው ይህን ነው።

ፎሙ በሁለት ፈሳሽ የሚመጣ፣ ሲጠነክር በሜትር ኩብ 32 ኪሎ የሚመዝን ዝግ ሕዋስ ያለው (ውሃ በቀላሉ የማያስገባ) ፖሊዩሪታን ይሁን። 0.3 ሜትር ኩብ ለመሙላት በስሌት 9.6 ኪሎ ፈሳሽ ይበቃል፤ ብክነት ስላለ 11 ግዙ። በዚያ 290 ኪሎ የሚያህል የማንሳፈፍ ኃይል ታገኛላችሁ። እኩል በእኩል ቀድታችሁ በመሰርሰሪያ መቀላቀያ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ብቻ አማስሉና ወዲያው አፍስሱ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መነሳት ይጀምራል። ፈሳሹም ቀፎውም ከ21 ዲግሪ በታች ከሆኑ በደንብ አይነሳም፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ የገዛችሁት መጠንም አይበቃም። በአንድ ጊዜ ብዙ ማፍሰስ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሲጠነክር ይግላል፣ ውስጡ ሊያር አልፎም ሊቃጠል ይችላል። በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። እንፋሎቱ አስም የሚያስነሳ አይሶሳያኔት አለበት፤ የአቧራ ጭንብል ስለማያግደው የኬሚካል ማጣሪያ ያለውን አድርጉ።

አንዳንዱ ወለሉን ከዘጋ በኋላ በቀዳዳ ያፈሳል። እኔ ክፍት ሆኖ ማፍሰሱን እመርጣለሁ፤ ያልሞላው ቦታ ይታያል፣ ግፊቱም ወለሉን አያነሳም። ከስትሪንገሩ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቆም የላይኛው ቆዳው ሳይቆረጥ ይቀራል። በፈሳሹ ፈንታ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የግንባታ ፎም የሚያስገቡ አሉ። ቤንዚንም ፖሊስተር ሬዚንም ያቀልጠዋል፤ የነዳጅ ታንክ አጠገብ አታስቀምጡት።

ወለሉ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃዋል። ከስሩና ከጠርዙ ቀድሞ ሬዚን ይጠጣ፤ በፋብሪካ ሥራ እርቃኑን የሚቀረው ስሩ ነው። በስቱኮ አስቀምጡት፣ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጠርዙን ከቀፎው ጋር በ1708 እሰሩት። ለጊዜው የመታችሁትን ብሎን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ሙሉት። የወንበር እግር የሚመታበትን ቦታ ሰፋ አድርጋችሁ ብሱ፣ በወፈረ ኤፖክሲ ሙሉ፣ ሲደርቅ መሃሉን ዳግም ብሳችሁ ብሎኑን ምቱ። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም።

ወለሉ ሙሉ በሙሉ ከመታሸጉ በፊት የጀልባዋን አፍንጫ ከፍ አድርጉና ፊት ለፊት 10 ሊትር ውሃ አፍስሱ። የኋላውን መድፈኛ ክፈቱና የሚወጣውን በባልዲ ለኩ። ከ9 ሊትር በታች ከወጣ አንድ ቦታ ተይዟል፤ የትኛው ቱቦ እንደተደፈነ በሽቦ ፈልጉ። ከመጀመሪያው የሐይቅ ጉዞ በኋላም መድፈኛውን ከፍታችሁ ጀልባዋን አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋችሁ አሳድሯት።