ከኬሞ በፊት የቀሩኝ ሦስት ሳምንታት

የጡት ካንሰር እንዳለብኝ ሲነገረኝ 33 ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት ነው። ሐኪሜ ስለ ኬሞው አስረድታ ስትጨርስ ወረቀቷን እየሰበሰበች «ወደፊት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ኬሞው እንቁላሎቼን ሊጎዳ ይችላል። አስቀድሞ አውጥቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ግን ኬሞው በሦስት ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ፀጉሬ ነበር።

እንቁላሎቹ እንዲያድጉ በየቀኑ የሚወሰደው መርፌ ብቻውን ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ለኢንሹራንስ ጣጣ የተረፈኝ አንድ ሳምንት ነው።

ክሊኒኩ ከነመድኃኒቱ 14 ሺህ ዶላር አካባቢ ጠራልኝ። ኢንሹራንሱ በሁለተኛው ቀን «አይሸፈንም» አለ። ምክንያቱ፦ 12 ወር ሞክሬ እንዳልጸነስኩ ማስረጃ የለም። ኧረ እኔ መካን ነኝ መቼ አልኩ? እንዳልሆን ነው የምለምነው!

ደውዬ ተጣላሁ። ስህተቴ ይሄ ነበር። ስልክ የምታነሳው ልጅ ውሳኔ የመቀየር ሥልጣን የላትም፤ ሁለት ቀን ሙሉ የስልክ ሙዚቃ ሰማሁ።

መንገዱን ያሳየችኝ የክሊኒኩ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። «መጀመሪያ ከፋዩ ማን እንደሆነ እወቂ» አለችኝ። ካርዴ ላይ የኢንሹራንሱ ስም ተጽፎ እያለ ምን ማለቷ ነው? ለካ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኛውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው። ኢንሹራንሱ ወረቀት አመላላሽ ብቻ ነው። «ሰልፍ ፈንድድ» የሚሉት ይሄ ነው። ኤሪሳ በሚባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደር የስቴት ሕግ አይነካውም። ኢንሹራንሱ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ግን የስቴቱ ሕግ ይይዘዋል። ሜሪላንድ ደግሞ ሕክምናው መካን ሊያደርገው ለሚችል ሕመምተኛ፣ እንቁላልም ሆነ የወንድ ዘር የማቀዝቀዙን ወጪ ኢንሹራንስ እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ አላት። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤት መታመሜን አልተናገርኩም ነበርና ኤች አርን፣ ማለትም የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን፣ መጠየቁ አስፈራኝ። በኋላ ሳስበው ጥያቄው በሽታ የሚባል ነገር የለበትም። «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ? ፖሊሲውስ የወጣው የት ስቴት ነው?» ብዬ ሁለት መስመር ኢሜል ላክሁ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ ከፋዩ ኢንሹራንሱ ነው፣ ፖሊሲውም የሜሪላንድ ነው። እፎይ!

ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፤ ሁሉም በጽሑፍ። ሐኪሜ ኬሞ የምጀምርበትን ቀን ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈች። ክሊኒኩ ጥያቄውን ከመካንነት ሕክምና አውጥቶ ዜድ 31.84 በሚባለው ኮድ እንደገና ላከው፤ ኮዱ የመውለድ አቅምን ጠብቆ ለማቆየት የተሰጠ ነው። ይግባኙ ላይ «አስቸኳይ» ብለን ጻፍን። አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ዓርብ ገባ፣ ሰኞ ተፈቀደ።

በቃ አለቀ ብዬ ስደሰት ፋርማሲው ደወለ። የመድኃኒቱ ፈቃድ ለብቻው ነው! አንድ ቀን ደግሞ በዚህ ሄደ። ሁለቱን በአንድ ቀን ብጠይቅ ኖሮ ይቺ ቀን ትተርፈኝ ነበር።

የመርፌው ሳጥን ፍሪጅ ውስጥ ከንጥር ቅቤው አጠገብ ተቀመጠ። ማታ ማታ እህቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዱቄቱን በፈሳሹ ትበጠብጣለች፣ እኔ ሆዴን ቆንጥጬ ፊቴን አዞራለሁ። ካንሰሬ በኤስትሮጅን የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ሆርሞኑ ከፍ እንዳይል ሌትሮዞል የሚባል ኪኒንም እውጥ ነበር። የመጨረሻዋ መርፌ በደቂቃ የተቆጠረች ናት፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከእሷ በኋላ 36 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። እህቴ ሦስት አላርም ሞላች። 11 እንቁላል ወጣ፣ የበሰሉት 8ቱ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ኬሞ ጀመርኩ።

ኬሞ ላይ የተዋወቅኳት ልጅ መሥሪያ ቤቷ ሰልፍ ፈንድድ ሆኖባት ሕጉ አልጠቀማትም። ኤች አሯን ለመነች፣ እምቢ አሏት። ላይቭስትሮንግ የሚባለው የካንሰር ሕመምተኞች ረዳት ድርጅት በመድኃኒቱ ዋጋ አገዛት፣ ቀሪውን ዘመድ አዋጣላት።

ሕጉ የማይሸፍነው የማስቀመጫውን ኪራይ ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የክፍያው ሒሳብ ይመጣል። እማዬ ቀኑን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ከአዲስ አበባ ትደውልና ከሰላምታው በፊት «የልጆቹን የቤት ኪራይ ከፈልሽ?» ትለኛለች።